ፕሉቶን ከፕላኔትነት ያወጣት ድምፅ ነው ወይስ ምክንያት?

ጥያቄ፦ መምህር ዘአራዳ

ጤና ይስጥልኝ። በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። በክፍሌ ግድግዳ ላይ ከእኔ በፊት የነበሩት መምህር በገዛ እጃቸው የሣሉት የሥርዓተ ፀሐይ ሥዕል ተሰቅሏል። ቀለሙ ቢደበዝዝም ዘጠኙም ፕላኔቶች ከነምህዋራቸው ይለያሉ፤ ፕሉቶም ከምስር ፍሬ አንሳ በመጨረሻው ጥግ ላይ ትታያለች። ተማሪዎቼ የሚማሩበት መጽሐፍ ግን ስምንት ይላል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ሥዕሉንና መጽሐፉን አስተያይታ ዘጠነኛዋ የት እንደሄደች ጠየቀችኝ። እኔም ለዓመታት ስመልስ እንደኖርሁት፣ ሳይንቲስቶች ተሰብስበው በድምፅ ብልጫ ፕሉቶ ፕላኔት አይደለችም ማለታቸውን ነገርኋት። ልጅቷ ግን አልረካችም። «በድምፅ ከወጣች በድምፅ ልትመለስ ትችላለች ማለት ነው፤ ታዲያ ይህ ሳይንስ ነው ወይስ ምርጫ?» አለችኝ። የሚያጠግብ መልስ ስላልነበረኝ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠርኋት።

እኔ ራሴ ዘጠኙን በቅደም ተከተል በቃሌ ይዤ ያደግሁ ነኝ። ስምንት የሚለውን የተቀበልሁት መጽሐፉ ስለተለወጠ እንጂ ምክንያቱን መርምሬ እንዳልሆነ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ስለዚህ የምታውቁ ሰዎች እንድታስረዱኝ እለምናለሁ፦ በእርግጥ ውሳኔው የድምፅ ነገር ብቻ ነበርን? ምክንያት ካለውስ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በሚገባት መንገድ ሊነገር ይችላልን? የመምህሩንስ ሥዕል ምን ላድርገው? ፕሉቶን ፍቆ ማጥፋት እጄ እምቢ ብሎኛል።

መልስ፦ ፊዚክስ አራት ኪሎ

ሰላም መምህር። ተማሪዎ የጠየቀችው የሥነ ፈለክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚከራከሩበትን ጥያቄ ነውና መልሱ ትንሽ ርዝመት ቢኖረው ይታገሡኝ።

በመጀመሪያ ድምፅ የተሰጠው በምን ላይ እንደነበር እንለይ። ነሐሴ 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በፕራግ ከተማ፣ በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ጠቅላላ ጉባኤ መዝጊያ ዕለት፣ በአዳራሹ የተገኙት 424 ያህል አባላት የወሰኑት «ፕላኔት» የሚለው ቃል ከእንግዲህ ለየትኛው አካል ይዋል በሚለው ጉዳይ ነው። የፕሉቶ መጠን፣ ምህዋር ወይም በረዶ በዚያ ቀን ቅንጣት ታህል አልተለወጠም። ቃል ደግሞ በስምምነት የሚቆም ነገር ስለሆነ ስምምነቱን ለማወቅ ድምፅ መስጠት አያስነውርም፤ የሚያስጠይቀው ስምምነቱ የቆመበት ምክንያት ነው።

ምክንያቱን ለልጆች ለማስረዳት ከፕሉቶ መጀመር የሚመከር አይመስለኝም። ከሴሬስ ይጀምሩ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ጁዜፔ ፒያዚ የተባለ ኢጣሊያዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በፓሌርሞ ሆኖ በማርስና በጁፒተር መካከል አዲስ አካል አገኘ። ሴሬስ ተባለች፤ ከፕላኔቶችም ጋር ተቆጠረች። በቀጣዮቹ ስድስት ዓመታት በዚያው አካባቢ ፓላስ፣ ጁኖና ቬስታ ሲገኙ እነርሱም ፕላኔት ተባሉ። ለአርባ ዓመት ያህል ነገሩ በዚህ ጸና። ከ1845 በኋላ ግን በላይ በላዩ ይገኙ ጀመር፤ ቁጥራቸው አሥራ አምስት ካለፈ በኋላ ግን ሊቃውንቱ የተገኙት ነጠላ ፕላኔቶች ሳይሆኑ የአንድ መንጋ አባላት መሆናቸውን ተረዱ። ሴሬስም ያለ አንዳች ጉባኤ፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ቀስ በቀስ ወደ አስትሮይድነት ተዛወረች። ዛሬ ስለ ሴሬስ መባረር የሚያዝን ሰው አላየሁም፤ ያንን የሚያስታውስ ትውልድ ስለሌለ ይመስለኛል።

የፕሉቶ ታሪክ ይኸው ታሪክ ነው፤ የሚለየው በእኛ ዘመን መድረሱ ነው። ክላይድ ቶምባው በአሜሪካ፣ በአሪዞና ሎዌል የምልከታ ጣቢያ ያገኛት እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 18 ቀን 1930 ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 11 ቀን 1922 ዓ.ም. ይሆናል፤ ንግሥት ዘውዲቱ ሊያርፉ አንድ ወር ከግማሽ ያልሞላ ጊዜ ሲቀራቸው ማለት ነው። መቃብራቸው ከአራት ኪሎ ብዙም ሳይርቅ በበዓታ ስለሚገኝ፣ ተማሪዎችዎ ዘመኑን ከሚያውቁት ቦታ ጋር ሊያያይዙት ይችላሉ። በዚያን ጊዜ ፕሉቶ መሬትን የምታህል መስላቸው ነበር። ግምቱ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ካሮን የተባለችው ጨረቃዋ ስትገኝና በእርሷ ዙረት አማካይነት ፕሉቶን መመዘን ሲቻል፣ መጠነ ቁሷ ከመሬት አምስት መቶ እጅ አንዱ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በዲያሜትርም 2377 ኪሎ ሜትር ናት፤ የእኛ ጨረቃ 3474 ኪሎ ሜትር ናት።

ትንሽነቷ ብቻ ግን አላስወጣትም። እ.ኤ.አ. በ1992 ዴቪድ ጁዊትና ጄን ሉ ከኔፕቱን ማዶ ሌላ አካል አገኙ፤ ከዚያ በኋላ በመቶዎች፣ ቀጥሎም በሺዎች የሚቆጠሩ ተከተሉ። የኩይፐር ቀበቶ የምንለው እርሱ ነው፤ ፕሉቶም የምትዞረው በመካከሉ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ እንደ ፕሉቶ ኔፕቱን ፀሐይን ሦስት ጊዜ ሲዞር ሁለት ጊዜ የሚዞሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ማይክ ብራውንና ባልደረቦቹ ኤሪስን አገኘን ሲሉ ነገሩ ሊታለፍ የማይችል ሆነ። ኤሪስ በስፋት ከፕሉቶ በጥቂቱ ብታንስም በመጠነ ቁስ ሩብ ያህል ትበልጣታለች። ስለዚህ ፕሉቶ ፕላኔት ከሆነች ኤሪስን አይደለሽም የምንልበት ምክንያት የለም፤ ከኤሪስ ኋላም ሌሎች ይመጣሉ። በፕራጉ ጉባኤ መጀመሪያ የቀረበው ረቂቅ ሴሬስን፣ ካሮንንና ኤሪስን ጨምሮ ፕላኔቶቹን አሥራ ሁለት የሚያደርግ እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም። ያ ረቂቅ ከብርቱ ክርክር በኋላ ወድቆ ነው የዛሬው የጸደቀው።

የጸደቀውም ሦስት ነገር ይጠይቃል። አካሉ ፀሐይን ይዙር፤ በገዛ ስበቱ ተጨምቆ ክብ ለመሆን የሚበቃ ግዝፈት ይኑረው፤ የምህዋሩንም አካባቢ ያጸዳ ይሁን። ፕሉቶ ሁለቱን አሟልታ በሦስተኛው ወደቀች። ማጽዳት ሲባል በዙሪያው ያሉትን አካላት ውጦ ወይም ወርውሮ ወይም በስበቱ አስገብሮ ብቸኛ ገዢ መሆን ነው። ስቲቨን ሶተር የተባለ ተመራማሪ ይህን በቁጥር አስልቶታል፦ መሬት በምህዋሯ አካባቢ ካለው ሌላ ነገር ሁሉ ድምር 1.7 ሚሊዮን ጊዜ ትበልጣለች፤ ፕሉቶ ግን በአካባቢዋ ካለው ድምር ሰባት በመቶ ያህል ብቻ ናት። በስምንቱና በተቀሩት መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ገደል ነው፤ በመሐል ላይ ቆሞ የሚያጠራጥር አንድም የለም። እኔን ያሳመነኝ ከሁሉ ይልቅ ይህ ነው፤ መስመሩ የተሰመረው ተፈጥሮ ራሷ ክፍተት በተወችበት ቦታ ነውና።

ለልጆቹ የሚሆን ምሳሌ ከደጃቸው አለ። ከፒያሳ ሆነው ወደ ሰሜን ሲመለከቱ እንጦጦ ተራራ ነው፤ 3200 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ከተማውን ቁልቁል ያያል። ይኸው ከፍታ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ግን ሳንቃ በር ላይ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ነው፤ ተራራው ገና ከዚያ በላይ ይጀምራል። አንድ ነገር ምን እንደሚባል ለማወቅ እርሱን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውንም ማየት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

መልስ፦ የድንጋይ ተማሪ

ከላይ የጻፉት ወንድሜ ታሪኩን በጥሩ ሁኔታ አስቀምጠውታል፤ በመደምደሚያቸው ግን አልስማማም። መምህርም ለተማሪያቸው ሲነግሩ አንዱን ወገን ብቻ ይዘው እንዳይገቡ እፈልጋለሁ።

ሙያዬ ሥነ ምድር ነው። የእንጦጦን ድንጋይ በመዶሻ ስሰብር የማገኘው እሳተ ገሞራ የተፋውን ድንጋይ ነው፤ ያንኑ ቁራጭ ወደ ሳንቃ በር ወስጄ ባስቀምጠው ሌላ ድንጋይ አይሆንም። እኛ አንድን ነገር የምንመድበው ከምን እንደተሠራና በምን ሂደት እንዳለፈ አይተን ነው፤ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ አይተን አይደለም። በዚህ ዓይን ሲታይ ሦስተኛው መስፈርት ትልቅ ችግር አለበት። አንድ አካል ከፀሐይ በራቀ ቁጥር ምህዋሩ እየሰፋ፣ ጉዞውም እየዘገየ ስለሚሄድ አካባቢውን ለማጽዳት የሚያስፈልገው ግዝፈት ይጨምራል። ስለዚህ አንዱ አካል ለፀሐይ ቀርቦ ሲዞር ፕላኔት፣ ሳይለወጥ ርቆ ሲዞር ግን ሌላ ነገር ሊባል ነው።

የፕሉቶን መልክ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ አይቀበልም። ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኮራኩር ከመሬት ስትነሣ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2006፣ ፕሉቶ ገና ፕላኔት ነበረች፤ ጁላይ 14 ቀን 2015 አጠገቧ ስትደርስ ስሟ ተቀይሮ ጠበቃት። ብዙዎች የሞተችና በጉድጓድ የተበሳሳች የበረዶ ድንጋይ ትገኛለች ብለው ሲጠብቁ፣ የታየው ከውኃ በረዶ የተሠሩ በሺህ ሜትሮች የሚለኩ ተራሮች፣ ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የናይትሮጅን በረዶ ሜዳና በላይዋ የተነባበረ ሰማያዊ ጭጋግ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ የግጭት ጉድጓድ አልታየም፤ ገጹ በሥነ ምድር አቆጣጠር ገና ጨቅላ ነው፣ ከታች ባለ ሙቀት እየተገላበጠ ይታደሳል ማለት ነው። ተራራና ሸለቆ፣ አየርና ወቅት ያላትን ዓለም ከድንጋይ ቁርጥራጭ ጋር ማሰለፍ ለእኔ ሥራ የሚያሰናክል አመዳደብ ነው።

ስለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2017 ኪርቢ ረንየን፣ አለን ስተርንና ሌሎች የፕላኔት ተመራማሪዎች ሌላ ትርጓሜ ያቀረቡት፦ ኮከብ ሆኖ የማያውቅና በገዛ ስበቱ ክብ የሆነ አካል ሁሉ ምህዋሩ የትም ይሁን ፕላኔት ይባል የሚል። በዚህ መሠረት የእኛ ጨረቃም፣ የጁፒተር ጋኒሜድም፣ የሳተርን ታይታንም ይገባሉ፤ ቁጥሩም ከመቶ ያልፋል። ይህ ብዙ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ጋኒሜድ በዲያሜትር 5268 ኪሎ ሜትር ስትሆን ሜርኩሪ 4879 ናት፤ ከሁለቱ ታናሽቱን ብቻ ፕላኔት እያልን ታላቂቱን ስንተዋት ማንም አይደንቀውም፣ ስለለመድነው። ጋሊልዮ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ባገኘ ጊዜ ፕላኔት ብሏቸው ነበር። ቁጥር መብዛቱም ሊያስፈራን አይገባም፤ ወንዞቻችን ብዙ ናቸውና አንዳንዶቹን ወንዝ አትባሉ አንልም።

ድምፁንም በተመለከተ፣ በዚያ ዕለት ድምፅ የሰጡት ከኅብረቱ አባላት ወደ አምስት በመቶ ገደማ የሚሆኑት ናቸው። ተማሪዋ «ምርጫ ነው ወይ» ማለቷ ስለዚህ መሠረት አለው።

መልስ፦ አርታዒዋ

ሁለታችሁንም በአክብሮት አነበብሁ። እኔ የሳይንስ ሰው አይደለሁም፤ ለሕፃናት የሚዘጋጁ የአማርኛ መጻሕፍትን ሳርም ግን ከዚሁ ጉዳይ ጋር እታገላለሁና አንድ ነገር ልጨምር።

የፕራጉ ውሳኔ ፕሉቶን «ድንክ ፕላኔት» ብሎ ሲመድብ፣ ድንክ ፕላኔት ፕላኔት አይደለም ማለቱ ነው። በአማርኛ ግን ድንክ ፈረስ ፈረስ ነው። በትንሽነቱ ከፈረስ ወገን ያወጣው የለም፤ ልጆቹም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ በመጽሐፍ ላይ «ፕሉቶ ድንክ ፕላኔት ናት፣ ስለዚህ ፕላኔት አይደለችም» የሚል ዓረፍተ ነገር ባየሁ ቁጥር ብዕሬ ይቆማል። ልጁ ግራ የሚጋባው ሳይንሱ ከብዶት ሳይሆን ቋንቋው ስለሚቃረንበት ነው። መምህር ሆይ፣ ይህን ለልጆቹ በግልጥ ቢነግሯቸው፣ ስያሜው ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ በችኮላ የተገኘ የመሐል መንገድ እንደሆነ ቢያስረዷቸው ይሻላል እላለሁ።

ቃሉ ራሱ ደግሞ ከግሪክ ሲመጣ «ተንከራታች» ማለት ነበር። የጥንት ሰዎች በማይንቀሳቀሱት ከዋክብት መካከል የሚዘዋወሩትን ሰባት ብርሃናት ሲቆጥሩ ፀሐይንና ጨረቃን ጨምረው፣ የቆሙባትን መሬት ግን ሳይጨምሩ ነበር። ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ. በ1543 ፀሐይን ከመሐል ሲያደርግ ፀሐይ ከዝርዝሩ ወጣች፤ መሬት ገባች። እኛም ቬነስን እስከ ዛሬ የአጥቢያ ኮከብ እንላታለን፤ ማንም ተሳስታችኋል አላለንም።

መልስ፦ ፊዚክስ አራት ኪሎ

ስለ ድንክ ፈረሱ አርታዒዋ እውነታቸውን ነው፤ እኔም የምከላከልለት ነገር የለኝም። ስምንቱን «ክላሲካል ፕላኔቶች» ብሎ ድንኮቹንም በፕላኔት ጥላ ሥር ሊያኖር የሚችል ሐሳብ በዚያው ጉባኤ ቀርቦ ነበር፤ ተቀባይነት አላገኘም። ለአማርኛችን ያኛው ይስማማው ነበር።

ለሥነ ምድሩ ባለሙያ ግን የምመልሰው አለ። ጎረቤት አይታይም ማለት ለድንጋይ ይሠራል፤ ሥርዓተ ፀሐይ እንዴት እንደተሠራ ለሚጠይቅ ሰው ግን ጎረቤቱ ዋናው ማስረጃ ነው። ስምንቱ ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ ከነበረው የጋዝና የአቧራ ዝርግ የየአካባቢያቸውን ሰብስበው የጨረሱ ናቸው፤ ሴሬስና ፕሉቶ መሰብሰቡ ሳያልቅ የቀረባቸው ቀበቶዎች አባላት ናቸው። ይህ ልዩነት የጎረቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአካሉ የሕይወት ታሪክ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሣውን ሌላ ተቃውሞም ልንካው፦ በጁፒተር ምህዋር ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ አስትሮይዶች ስላሉ ጁፒተርም አላጸዳም የሚሉ አሉ። እነዚያ ግን ከፊቱና ከኋላው በጁፒተርና በፀሐይ ስበት ተይዘው ከእርሱ ጋር የሚዞሩ ናቸው፤ ገዢነቱን ያስረዳሉ እንጂ አያፈርሱም። ፕሉቶ በአንጻሩ ከኔፕቱን ጋር የገባችበት የሦስት ለሁለት ዙረት ተገዢነቷን ያሳያል። ከ1979 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ከኔፕቱን ይልቅ ለፀሐይ ቀርባ ስትዞር እንኳ ያልተጋጩት በዚሁ ሥርዓት ነው።

የእኔ ወገን ደካማ ጎን ሌላ ቦታ ነው፤ ራሴው ልናገረው። የፕራጉ ትርጓሜ «ፀሐይን የሚዞር» ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ስላሉት ከአምስት ሺህ የሚበልጡ ፕላኔቶች አንድም ቃል አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይኸው ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰየም ዕድል ሰጥቶ ነበር፤ ለኢትዮጵያ የደረሰው በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ያለ ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱም «አቦል» ተባሉ። አቦል ከጁፒተር በብዙ እጥፍ የሚገዝፍ ነው። ነገር ግን የሚዞረው ፀሐይን ሳይሆን ቡናን ስለሆነ፣ የፕራጉ ቃል እንደ ፊደሉ ከተነበበ አቦልን አይመለከተውም። ለእነዚያ ኅብረቱ ለሥራ ያህል የሚጠቀምበት ሌላ ትርጓሜ አለ፤ የላይኛው ወሰናቸውም የጁፒተር 13 እጥፍ የሆነ መጠነ ቁስ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነው በውስጡ ከባዱን ሃይድሮጅን ማቃጠል ስለሚጀምር። ትርጓሜው እንደገና መሻሻሉ አይቀርም ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው። ተማሪዎ «ነገ ሊመልሱት ይችላሉ» ማለቷ ልክ ነው፤ ቢመልሱትም ሌላ ነገር ስላወቁ እንጂ ስሜታቸው ስለተለወጠ እንዳይሆን መጠበቅ ነው።

ሥዕሉን አይፋቁት።

መልስ፦ መምህር ዘአራዳ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትምህርቱን ትናንት ሰጥቼ መመለሴ ነው።

በምክራችሁ መሠረት ከሴሬስ ጀመርሁ። ከዚያ ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ አንዱ ወገን የፊዚክሱን፣ ሌላው የሥነ ምድሩን ሐሳብ ይዞ እንዲከራከር አደረግሁ። የእንጦጦና የሳንቃ በር ምሳሌ በሁለቱም ወገን አገለገለ፤ አንደኛው «ከዚህ ሲታይ ተራራ ነው» ሲል ሌላው «ድንጋዩ ግን ያው ነው» ይላል። ድንክ ፈረስን ማንም ሳይነግራቸው ከልጆቹ አንዱ አነሣው። የአቦልን ነገር ስነግራቸው ደግሞ ክፍሉ ተንጫጫ፤ ስሙ ከቤታቸው ረከቦት ተነሥቶ እዚያ መድረሱን ለማመን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ለፈተና የሚጻፈው ስምንት መሆኑን፣ ምክንያቱም የምህዋርን አካባቢ ማጽዳት መሆኑን በግልጥ ነግሬያቸዋለሁ፤ በዚህ ላይ ልጆቹን ማወላወል ተገቢ አልመሰለኝም። በመጨረሻ ድምፅ ይስጡ ብዬ አስቤ ነበር፤ ኋላ ግን ተውሁት፤ በምትኩ እያንዳንዱ የትኛውን ወገን ለምን እንደሚመርጥ በሦስት ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ አዘዝሁ። ያቺ ተማሪ የጻፈችው ለሥነ ምድሩ ባለሙያ ያደላ ነው።

ሥዕሉ በቦታው አለ። ከፕሉቶ በታች በትንሽ ወረቀት «1922 ዓ.ም. ተገኘች፤ 1998 ዓ.ም. ድንክ ፕላኔት ተባለች» ብለን ለጠፍን። ተማሪዋም ሴሬስ ካልገባች ታሪኩ ጎዶሎ ነው ብላ አስፈቅዳኝ በማርስና በጁፒተር ምህዋር መካከል በእርሳስ ሣለቻት። መጀመሪያ ከፕሉቶ አግዝፋት ነበር፤ የሴሬስ ዲያሜትር 940 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ስነግራት በላጲስ አጥፍታ፣ የፕሉቶን ግማሽ እንዳትሞላ አድርጋ እንደገና ሣለቻት።